ቀይ ክር ያሰርኩባቸው ሪዶች

ጡረታ ስወጣ ያስረከብኩት ንብረት ብዙ አልነበረም። አንድ የቁም ሣጥን ቁልፍ፣ ኦቦ የሚባሉ ሦስት የሙዚቃ መሣሪያዎች ከነሣጥናቸው፣ አንድ የውሃ ብርጭቆ፣ አንድ ጥቅል ቀይ ክር፣ አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ። ተረካቢው ቆርቆሮውን ነቅነቅ አደረገና «ይሄንን ምን ብዬ ልመዝግበው ጋሼ?» አለኝ። «ውዳቂ ሪድ ብለህ ጻፍ» አልኩት። «ስንት ፍሬ?» ሲል ለመቁጠር ክዳኑን ከፈትኩ። ለዓመታት ያልከፈትኩት ክዳን ነው። ውስጡን ሳይ መቁጠሩን ተውኩት።

እዚያ ውስጥ መኖር የነበረባቸው እኔ ነፍቼ አይረቡም ብዬ የጣልኳቸው ሪዶች ናቸው። ያገኘኋቸው ግን ቀይ ክር የታሰረባቸው ናቸው። ቀይ ክር የማስረው መርጬ ለተጫዋቾቼ በምሰጣቸው ላይ ብቻ ነው። ቋጠሮው የራሴ ቋጠሮ ነው፤ ሁለት ዙር፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የገባ። አብዛኞቹ ከንፈር የነካቸው እንኳ አይመስሉም። ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰው የሰጠሁት ምርጫዬ በሙሉ ውዳቂ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ተረካቢው «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» እያለ ወንበር አቀረበልኝ።

ለምን እንደዚያ እንደደነገጥኩ እንዲገባችሁ ሥራዬን ማስረዳት አለብኝ። ኦቦ ክላርኔት የሚመስል፣ ግን ቀጠን ያለ ጥቁር የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ሰፈር ውስጥ «ኦቦ» በኦሮምኛ አቶ ማለት ስለሆነ ጎረቤቶቼ ሲያሾፉ ኦቦ ይልማ ይሉኛል። ጫፉ ላይ የሚሰካው ሪድ ይባላል። ከመቃ የተላጡ ሁለት ስስ ቅጠሎች ፊት ለፊት ተገጥመው በክር የታሰሩበት፣ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ነገር ነው። ትንፋሽ በመካከላቸው ሲያልፍ ይንቀጠቀጣሉ፤ ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሌላ አገር ያሉ ነፊዎች ራሳቸው ይሠሩታል ሲባል እሰማለሁ። እኛ ጋ ለሥራው የሚሆነው መቃም መሣሪያም ስላልነበረ የምንነፋው ተሠርቶ በሣጥን የሚመጣውን ነው። ስለዚህ የእኛ ሙያ መምረጥ ነው። ከሃያ ሪድ ውስጥ እውነተኛው ስድስት ወይም ሰባት ቢሆን ነው።

የሠራሁት ኮልፌ ውስጥ ባለ አንድ ግቢ፣ የደንብ ልብስ በሚለብስ የሙዚቃ ጓድ ነው። ስሙን ትቼዋለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የጓዱ አይደለም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሻምበል ወልደሰንበት ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲናገሩ ከንፈራቸው እምብዛም የማይንቀሳቀስ ሰው ነበሩ። ከንፈራቸውን ለሥራ ነው የሚቆጥቡት እያልን እንስቅ ነበር። አዲስ ሣጥን ሲመጣ ጠዋት መስኮት አጠገብ ይቀመጡና መጀመሪያ በዓይናቸው ያያሉ። ሪዱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው የሁለቱ ቅጠሎች ጫፍ እኩል መሳሳቱን ይመረምራሉ። ጥላው ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ሳይነፉት ለብቻ ያኖሩታል። ቀጥሎ አፉን ፊት ለፊት ያዩታል፤ በግማሽ የተከደነ ዓይን መምሰል አለበት። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ሰዓት አያዩም፤ አባታችን ሆይን ደግመው ሲጨርሱ ያወጡታል። ከዚያ ከመሣሪያው ለይተው ብቻውን ይነፉታል። ጥሩ ሪድ ብቻውን ሲነፋ እንደ ጫጩት መንጋ ብዙ ድምፅ ባንዴ ይንጫጫል፤ አንድ ቀጭን ፉጨት ብቻ ካወጣ አይረባም።

በመጨረሻ መሣሪያው ላይ ሰክተው ሦስት ነገር ይሞክራሉ። ዶ የምትባለውን ታችኛዋን ድምፅ ቀስ ብለው ያስነሷታል። ላይኛዎቹን ድምፆች ሳይጨንቁ ይነኳቸዋል። ከዚያ ላ የምትባለውን ድምፅ ከምንም ጀምረው እያጎሉ፣ መልሰው እየቀነሱ፣ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ይስቧታል። ኦርኬስትራ ሁሉ የሚቃኘው በኦቦ ላ ስለሆነ፣ ላ ላይ የተንቀጠቀጠ ሪድ ሌላው ነገሩ ቢያምርም አይቀበሉትም። ያለፈው ላይ ቀይ ክር ያስራሉ።

«እነዚህ የሚሠሩት ባሕር አጠገብ ነው» ይሉን ነበር። «እኛ ከፍታ ላይ ሲደርሱ ይከብዳሉ። ስለዚህ ቀለል ያለውን ምረጡ። ግን ለማን አፍ እንደምትመርጡ አትርሱ።» እኔ የያዝኩት የመጀመሪያውን ነው። የኋለኛው ለማሳረጊያ የተባለ ነበር የመሰለኝ።

ሁለት ነገራቸው ደግሞ ያናድደኝ ነበር። አንደኛ፣ ያልወደዱትን ሪድ አይጥሉም፤ ክዳን በሌለው ቆርቆሮ ውስጥ መስኮቱ ላይ ያስቀምጡታል፤ ማንም እየገባ ይሞክር ነበር። ሁለተኛ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሪድ አፋቸው ውስጥ ማስገባት ተዉ። እኛን ያስነፉናል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ አንዱን ይጠቁሙና ክሩን ብቻ ያስራሉ። «ሰነፉ» አልኩ በልቤ። ቦታቸውን ስረከብ ያደረግኩት የመጀመሪያ ማሻሻያ ያንን ክፍት ቆርቆሮ በሌላ መቀየር ነው። ባለክዳን የወተት ቆርቆሮ አመጣሁ፤ ክዳኑን በስቼ እንደ ሙዳየ ምጽዋት ቀዳዳ አበጀሁለት። የጣልኩት እንደተጣለ እንዲቀር ነው።

በመካከሉ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ። ድሬዳዋ ሁለት ዓመት ተመድቤ ኮልፌ የመረጥኳቸው ቀላል ሪዶች እዚያ ሙቀት ውስጥ አፋቸውን እየከደኑ አስቸግረውኛል። ጅማ በዝናብ ሰልፍ ነፍቻለሁ። አለቆችም በየዓይነቱ አይቻለሁ። ግዢ ክፍል አንድ ጊዜ የክላርኔት ሪድ ገዝቶ ሲመጣ «ያው መቃ አይደል?» ያሉኝ አሉ። አንዱ ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ በሽታ ይተላለፋል ብለው ሣጥን ሙሉ አዲስ ሪድ ወጥ ቤት አስቀቀሉብኝ። ሐሳባቸው ጥሩ ነበር፤ ሪዶቹ ግን እንደ ፈነዳ በቆሎ ተከፍተው መጡ። ደመወዙን አታንሱብኝ፤ አኖረኝ፣ ልጆቼን አሳደገልኝ፣ ይበቃል።

ጡረታዬ ስምንት ዓመት ሲቀረው ዘነበወርቅ ከታክሲ ስወርድ እግሬ ተጠልፎ በአፌ ተደፋሁ። የታችኛው የፊት ጥርሶቼ ረገፉ። በምትካቸው የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራልኝ። ኦቦ ሲነፋ ከንፈር ወደ ውስጥ ታጥፎ ጥርስ ላይ ይደገፋል። የእኔ ድጋፍ ከዚያ ወዲህ እየተነቃነቀ ስላሳመመኝ መድረክ ተውኩና አስተማሪና ዕቃ ጠባቂ ብቻ ሆንኩ። ሪድ መምረጡን ግን አልተውኩም። ሙያዬ፣ ስሜ፣ ኩራቴ እሱ ነበር።

በዚያው ዓመት የሚመጡት ሪዶች ሁሉ እንጨት ሆኑብኝ። «ፋብሪካው ተበላሽቷል!» እያልኩ ግቢውን አመስኩት። አቤቱታ ጽፌ በግዢ ክፍል በኩል እስከ ፋብሪካው አስልኬአለሁ። ከሃያው አስራ ሰባቱን በቀዳዳው እየከተትኩ፣ ለስላሶቹን ሦስቱን መርጬ ክር አስርባቸው ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። መቃው ያው መቃ ነበር፤ የተበላሸው የእኔ አፍ ነው።

አሁን ወደ ሐያት ልምጣ። ሐያት ሱልጣን አባቷ አጠና ተራ አጠና የሚሸጡ የኮልፌ ልጅ ናት። ጓዱ ውስጥ ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደሷ ያለ ጆሮና ከንፈር አላየሁም። ጥርሴ በረገፈ በዓመቱ ለሁለት ዓመት ውጭ አገር የሚያስተምር ዕድል መጣና ለፈተና ቀረበች። ፈታኞቹ እንግዶች ነበሩ። በፈተናው ጠዋት ምርጥ ብዬ ያኖርኩትን ሪድ በራሴ ብርጭቆ አርሼ በር ላይ ጠበቅኳት።

«ይሄን ንፊ።»

«ጋሼ፣ በለመድኩት ብነፋስ?»

«የለመድሽውስ ከማን እጅ ነው የወጣው?» ብዬ ተቆጣሁ። የያዘችውን ሪድ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ልትል ነበር፤ ከንፈሯ ተንቀሳቅሷል። ተወችውና «እሺ ጋሼ» ብላ ገባች።

ውስጥ ገብቼ ከጀርባ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያውን ገጽ በደንብ ተጫወተች። ሁለተኛው ላይ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ሪዱ ጭራሽ ተከደነና አየር ብቻ ወጣ። ፈታኞቹ ላ እንድትስብ ጠየቋት፤ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቴም ተቋረጠባት። ፊቷ በርበሬ መሰለ። እኔ ሪዱን በገዛ አፌ ሞክሬዋለሁ፤ ስለዚህ ሪዱ ሊሆን አይችልም ብዬ ደመደምኩ። ማታውኑ የአስተማሪ አስተያየት ስጥ ስባል «የትንፋሽ አቅም ያንሳታል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ዕድሉ ቀረባት። በዚያ ወረቀት ምክንያት ከኦቦ ተነስታ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበች፤ በዓመቱ ሥራውን ትታ ወጣች። ደህና ሁኚ እንኳ በወጉ አላልኳትም፤ አሳፍራኛለች ብዬ አኩርፌ ነበር።

ቆርቆሮውን በከፈትኩ ቀን አስር አለቃ መክብብን አስጠራሁት። የሐያት ታናሽ ባልደረባ የነበረ፣ አሁን የጓዱ የመጀመሪያ ኦቦ ነፊ ነው። ሪዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጠበቅኩት።

«ማነው በዕቃዬ የተጫወተው?»

መክብብ ሪዶቹን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን አየ። «ጋሼ፣ አሁን እኮ ሊያርፉ ነው። በቃ ይተዉት።»

«ተናገር!»

«አይቆጡም?»

«እቆጣለሁ። ተናገር።»

«ክዳኑን እየከፈትን የምንነፋው የጣሉትን ነው» አለ ጣራውን እያየ። «የሰጡንን መልሰን እዚህ እንከታለን። የእርስዎ ምርጫ አስር ደቂቃ ከነፉት አፉን ይከድናል፤ ለስላሳ ነው። የጣሏቸው ናቸው የሚቆሙት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጥርስዎን ካስገቡ ወዲህ።»

«ውሸታም! ስትነፉ ቀይ ክር በዓይኔ አይ አልነበረም?»

«ክሩን እኛው ገዝተን ነው የምናስረው፤ አይተው ደስ እንዲልዎ።»

ስንት ምስጋና እንደተቀበልኩ ታየኝ። አንድ እንግዳ መሪ የኦቦዎቹን ድምፅ አድንቆ መራጩ ማነው ሲል ከወንበሬ ተነስቼ እጅ ነስቻለሁ። ያ ድምፅ ሁሉ በእጄ ከጣልኳቸው የወጣ ነው። ልጆቹም ከኋላዬ ተቀምጠው አጨብጭበውልኛል።

«ማነው ያስጀመራችሁ?» አልኩት በመጨረሻ።

«ሐያት» አለ መክብብ።

ያን ጠዋት ከእጇ ነጥቄ ኪሴ የከተትኩት ሪድ ከዚሁ ቆርቆሮ የወጣ ነበር ማለት ነው። ትክክለኛውን ተቀብዬ የሚከደነውን ሰጥቻታለሁ። ከዚያ ትንፋሽሽ አነሰ ብዬ ፈርሜባታለሁ።

አራት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአምስተኛው ከሰፈሬ ከዓለም ባንክ ታክሲ ይዤ አጠና ተራ ወረድኩ። አባቷ ስላረጁ ቦታውን የያዘችው እሷ ናት። ከአጠናው ክምር ላይ ቆማ ለአንድ ደንበኛ ረጅሙን እየመረጠች ነበር። ስታየኝ ወረደች።

«ጋሼ ይልማ! በሰላም ነው?»

«በሰላም አይደለም» አልኩ። ሰላምታው ሳያልቅ፣ ደንበኛው ሳይሄድ፣ ያወቅኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ቃል እኮ ይበቃ ነበር!»

«ምን ልበልዎ ጋሼ? በር ላይ፣ በእንግዳ ፊት፣ አፍዎ አልቋል ልበል?» አለች። «መድረኩን ትተው ነበር፤ የቀረዎት ይሄ ብቻ ነበር። አለቆች ከሰሙ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ይቀበሉዎታል ብዬ ፈራሁ። አንድ ሪድ ነው፣ እችለዋለሁ አልኩ። አልቻልኩትም።»

እኔ የእሷን ዕድል በኩራቴ ስወስድ፣ እሷ የእኔን ቁልፍ ስትጠብቅልኝ ነበር። የምይዘው ነገር አጥቼ አንዱን አጠና ይዤ ቆምኩ።

«ሪዱን ረስቼዋለሁ» አለች። «የከበደኝ ወረቀቱ ነው። ጋሼ ይልማ እኮ ናቸው የጻፉት፤ ዝም ብለው አይጽፉም አልኩ። ሪዱ እንደሆነ እያወቅኩ፣ ምናልባት ትንፋሼም አንሶ ይሆናል አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ክምር ላይ በወጣሁ ቁጥር ትንፋሼን ሳዳምጥ ነው የኖርኩት። ወላሂ፣ አሁንም አላውቀውም።»

ብዙ ጊዜ ደንግጬ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደንግጬ አላውቅም። የወሰድኩባት ሁለት ዓመት ትምህርት ነው ብዬ ነበር የመጣሁት። ለካስ በገዛ ትንፋሿ ላይ ያላትን እምነት ነው የወሰድኩት፤ እሱን ደግሞ ይቅርታ ብቻውን አይመልሰውም።

በማግስቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። አስተያየቴ ስህተት መሆኑን፣ የተበላሸው የእኔ አፍ መሆኑን፣ የጥርሴን ነገር ሳይቀር በግልጽ አስፍሬ ለጓዱ አዛዥ ለኮሎኔሉ ሰጠኋቸው። አንብበው «ጋሽ ይልማ፣ ይሄ ማኅደር ውስጥ ይገባል እኮ፤ ስምዎ ነው» አሉኝ። «ይግባ» አልኩ። የእኔ የአስተማሪነት ቦታ ገና ሰው አልተቀጠረበትም ነበርና ሐያት ትሞክረው አልኳቸው። «እንግዲያው እንደማንኛውም አመልካች ትፈተን» ብለው ፈቀዱ፤ አንድ ኦቦና አንድ ያልተከፈተ የሪድ ሣጥንም በእኔ ፊርማ አወጡልኝ።

ሐያት መጀመሪያ እምቢ አለች። «ደግሜ እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም» አለች። መሣሪያውን እዚያው ትቼላት ሄድኩ። በሳምንቱ ደወለች፤ «ሣጥኑን አልከፈትኩትም፤ መስኮት ያለው ቤት ይሻላል» አለችኝ።

ዓለም ባንክ ቤቴ፣ ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየች፣ ለየች፣ ነከረች፣ ነፋች። ከሃያው ሰባት አወጣች። አንዱን እኔም ልሞክረው ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ልማድ ነው። መልሼ ሰበሰብኩት። ሻምበል ወልደሰንበት በስተርጅና ሪድ በአፋቸው መሞከር ለምን እንደተዉ የገባኝ ያኔ ነው። ሰንፈው አልነበረም። ቆርቆሯቸውንም ክፍት የተዉት በራሳቸው ምርጫ ላይ ሌላ ሰው እንዲፈርድ ነው። የከደንኩት እኔ ነኝ።

ሁለት ወር ያህል ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች ሪዶቹን እንደ አዲስ ምጣድ በጥቂት በጥቂቱ አሟሸቻቸው። ላይኛዎቹ ድምፆች ተመለሱላት። ላን ግን አትስብም። አጭር አድርጋ ትነካትና ታልፋለች። እኔም አልጠየቅኳትም። የመጠየቅ መብት አልነበረኝም።

በፈተናው ጠዋት እዚያው በር ላይ ተገናኘን። ሪዷን እራሷ አርሳ ይዛዋለች። ልትገባ ስትል ተመለሰችና እጇን ዘረጋችልኝ።

«ጋሼ፣ ክር ያስሩልኝ።»

አዲስ የገዛሁት የቀይ ክር ጥቅል ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ለምን እንደገዛሁት አላውቅም። ሁለት ዙር አሰርኩት፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አስገባሁ። አፌ ጋ ሳላደርስ መለስኩላት። ገባች።

እኔ ውጭ ቀረሁ። ከውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ «እስቲ ላ» ሲል ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ። አብሬያት ትንፋሼን ያዝኩ። ድምፁ መቼ እንደጀመረ አላወቅኩም፤ ስሰማው እዚያ ነበር፤ እየጎላ፣ እየሞላ፣ በሩን አልፎ ግቢው ውስጥ ገባ። ዘበኛው ቀና አለ። እኔ መያዝ አቅቶኝ ተነፈስኩ። ደግሜ ያዝኩ። ደግሜ ተነፈስኩ።

እሷ ገና አልጨረሰችም ነበር።